ምዕራፍ አራት፦ መጠበቅ

ወንጪ ደጋ ነው፤ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ቁልቁል እያየ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ አገር። ወለንጭቲ ደግሞ የስምጥ ሸለቆን ሙቀትና አቧራ የለመደ ቆላ ነው። በ2012 ወደነዚህ ሁለት አካባቢዎች፣ ትምህርት ቤት ወዳልደረሰባቸው መንደሮች፣ የታሸጉ ሣጥኖች መጡ። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በውስጣቸው በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ነበሩ፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ጨዋታ፣ ተረት፣ ካርቱንና ዝማሬ ተጭኖባቸዋል። የታሰቡት የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ላይ ላሉ፣ በየመንደሩ ሃያ ያህል ለሚሆኑ ልጆች ነው። ያመጧቸው ሰዎች ለአዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞሉ አሳዩ፤ ለልጆቹ ግን ምንም ሳይነግሩ ተመለሱ።

ሐሳቡ የመነጨው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ከተባለው ድርጅት ነው። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ ሲናገሩ፣ ልጆቹ በሣጥኑ ካርቶን ይጫወታሉ ብለው ገምተው እንደነበር አልሸሸጉም። አንድ ልጅ ግን በአራት ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ማብሪያውን አግኝቶ፣ ታብሌቱን አበራው። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያዎችን ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ ማውረድ ጀመሩ። በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የእንስሳት ሥዕል ያለበትን ጨዋታ ሲጫወት የሰነበተ አንድ ልጅ መሣያውን ከፍቶ በእንግሊዝኛ ፊደል «ላየን» ብሎ ጻፈ፤ አንበሳ ማለቱ ነው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ደብተር ጨብጦ የማያውቅ የገበሬ ልጅ፣ ሰው ሳያሳየው፣ በማያውቀው ቋንቋ አንድ ቃል ጻፈ! «አይገባቸውም» ለሚል ሰው ሁሉ ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ታሪኩን ደጋግሜ ሳስበው ግን አንድ ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ልጁ «ላየን» ብሎ ከጻፈ በኋላ ማን አየለት? አጠገቡ ተቀምጦ «ጎሽ፣ ሌላስ?» ያለው ሰው ነበረ?

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይህች «ሌላስ?» ናት።

በቋንቋችን «መጠበቅ» የሚለው ቃል ሦስት ሥራ ይሠራል። እንግዳ ይጠበቃል፤ ያኔ መታገሥ ማለት ነው። ከብት ይጠበቃል፤ ያኔ ዘብ መቆም ነው። ከልጅም ብዙ ይጠበቃል፤ ያኔ ተስፋ መጣል ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል የጠቀለሉት አባቶቻችን ልጅ ማሳደግን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ሳይሆኑ አልቀሩም። ስልኩም፣ ታብሌቱም፣ ቴሌቪዥኑም ለሕፃን ትምህርት የሚበጁት ሦስቱ መጠበቆች አብረው ሲገኙ ነው። አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ቀጥለን እንይ።

ዘፈኑና ፊደሉ

ባለፈው ዓመት አንዲት ዘመዴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። የአራት ዓመቷ ልጇ፣ ሁሉም ሚጡ የሚላት፣ የእናቷን ስልክ ይዛ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ስልኩ ፊደል ይዘፍናል፤ እሷም ትከተላለች። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ!» ዜማው አንድ አይጓደልባትም። እናትየው በኩራት፣ «እስከ ፐ ታወርደዋለች እኮ! አንድም ሰው አላስተማራት፤ ስልኩ ነው» አለችኝ።

የደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ላይ ትልቅ አድርጌ «ሙ» ብዬ ጻፍኩና አሳየኋት። ሚጡ ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ከሥር ጀመረች፦ «ሀ ሁ ሂ ሃ...»። ሀን ጨረሰች፣ ለን ጨረሰች፣ ሐን ጨረሰች። መ ጋ ደረሰች። «መ ሙ ሚ ማ...» አልፋት ሄደች! ሃያ ሦስተኛዋ ፊደል ላይ የምትፈልጋት ሙ ቆማ ነበር። አፏ ያውቃታል፤ ዓይኗ አያውቃትም።

ማዕዘን ላይ ጋቢያቸውን ደርበው የተቀመጡት አያቷ ፈገግ አሉ። አባታቸው ቄስ ስለነበሩ ፊደል የቆጠሩት ቤት ውስጥ ነው። «አቡጊዳ አላስቆጠሯትማ» አሉ።

ሴትዮዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የተናገሩት ነገር ትልቅ የማስተማር ጥበብ ነው። የፊደል ገበታችን 33 እናት ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት ተደርድረው 231 ሆነው የተጻፉበት ነው። ልጅ ይህን ሁሉ በተራ ሲያወርድ ዜማው ይዞት ይሄዳል፤ ዓይኑ ባያይም አፉ አይሳሳትም። የጥንቶቹ መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ሁለተኛ አቆጣጠር አበጁ፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚህ በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ይለወጣል፣ ቤቱም ይለወጣል። ያ የለመዱት ዜማ ይሰበራል። ልጁ ስንደዶውን ፊደሉ ላይ አሳርፎ፣ ቅርጹን በዓይኑ ለይቶ ካልጠራ በቀር መሄጃ የለውም። ሀሁ ያስተምራል፤ አቡጊዳ ይፈትሻል።

ዛሬ በየስልኩ የምናገኛቸው የፊደል ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ሀሁ ብቻ ናቸው። ያምራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ያስጨፍራሉ። ጥሩ ጅማሮ ናቸው፤ ልጁም ይወዳቸዋል። ይሁን እንጂ ልጁ ሙን ያውቃት አያውቃት እንደሆነ አይጠይቁም፤ ቢሳሳትም አይሰሙም። ስለዚህ ለልጅዎ መተግበሪያ ሲመርጡ የመጀመሪያው መመዘኛ ይህ ይሁን፦ ይህ ነገር ይዘፍናል ብቻ ወይስ ይጠይቃል? ሲሳሳት ወደ ኋላ ይመልሰዋል? ፊደሉን ከቦታው አንሥቶ ያሳየዋል?

ነገሩ በትልቅ መጠን ሲሞከርም ውጤቱ ከዚህ አይርቅም። ፔሩ ለልጆቿ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን ካከፋፈለች በኋላ ተመራማሪዎች 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ወስደው ላፕቶፕ የደረሳቸውን ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸሩ። ጥናቱ በ2012 ታተመ። ልጆቹ ኮምፒውተሩን መጠቀም ጥሩ አድርገው ለምደዋል፤ በሒሳብና በንባብ ፈተና ግን ካልደረሳቸው ጓደኞቻቸው አልተሻሉም። መሣሪያው ሲሰጥ መምህሩ ምን ያድርግበት፣ ልጁ ዛሬ ምን ይማርበት የሚለው አብሮ አልተሰጠም።

ታንዛኒያ ውስጥ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ታንጋ በተባለው አካባቢ በ170 መንደሮች ሦስት ሺህ ለሚጠጉ ልጆች ታብሌት ተሰጠ። አብዛኞቹ ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ፣ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት በስዋሂሊ አንዲት ቃል ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። የተጫነላቸው ትምህርት በአገራቸው ቋንቋ በስዋሂሊ የተዘጋጀ፣ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ፣ በየእርምጃው የሚጠይቅና የሚያርም ነበር። ከ15 ወር በኋላ ምንም ማንበብ የማይችሉት ልጆች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ቋንቋው የልጁ ከሆነ፣ ትምህርቱም እየጠየቀ ከሄደ ማሽንም የራሱን ያህል ይሠራል ማለት ነው። የቀሩትን ልጆች ግን ማሽኑ ብቻውን አላደረሳቸውም።

መልስ የሚሰጥ ፊት

ስለ ትንንሾቹስ ምን እንላለን? ገና አፋቸውን ስላልፈቱት?

ፓትሪሻ ኩል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2003 ያወጡት ጥናት ለወላጅ ሁሉ መነገር ያለበት ነው። የዘጠኝ ወር ሕፃናትን ወሰዱ፤ እንግሊዝኛ ብቻ ከሚነገርበት ቤት የመጡ። ከተወሰኑት ጋር ቻይንኛ ተናጋሪዎች እየመጡ፣ አብረዋቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ መጽሐፍ እያነበቡና በአሻንጉሊት እያጫወቱ 12 ክፍለ ጊዜ አሳለፉ። ለሌሎቹ ያንኑ ሰው፣ ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ ቃል በቪዲዮ አሳዩአቸው። መጨረሻ ላይ የቻይንኛን ድምፅ መለየት ይችሉ እንደሆነ ተፈተኑ። ሰው የተጫወተላቸው ለዩት። ቪዲዮ ያዩት ምንም ካልሰሙት ጋር እኩል ሆኑ። ድምፁ ያው ነው፤ ሰውዬውም ያው ነው። በቪዲዮው ውስጥ የጎደለው ሕፃኑ ሲስቅ አብሮ የሚስቅ፣ ሲያመለክት የሚከተል ሰው ነው።

ታዲያ ማያ ሁሉ በትንሽ ልጅ ፊት ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ሁለት ዓመት አልፏቸው ሦስት ያልሞላቸውን ሕፃናት አዳዲስ ግሦች አስተማራቸው፦ አንዱን ቡድን በአካል፣ አንዱን በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ፣ አንዱን በተቀረጸ ቪዲዮ። በአካልና በቪዲዮ ጥሪ የተማሩት ቃሉን ያዙት፤ በተቀረጸው የተማሩት አልያዙትም። በጥሪው ማያ ውስጥ ያለው ሰው ሕፃኑን ያያል፣ ይሰማል፣ ይመልሳል። ልዩነቱን ያመጣው ይህ ነው።

ይህ ለእኛ ሰው ትልቅ የምሥራች ነው። ልጁ ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ወይም ዱባይ፣ አያቱ ደሴ ወይም ጎንደር የሆኑበት ቤተሰብ ስንት ነው? የእሑድ ጥሪው ብዙ ጊዜ «እማማን ሰላም በላት»፣ «እንዴት አደግሽ!»፣ ከዚያም ወደ አዋቂዎቹ ወሬ ነው። ይህችን ጥሪ ትምህርት ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም። አያት ከጓሮ ቲማቲም ቆርጠው ወደ ስልኩ ያስጠጉ፤ «ይህ ምንድን ነው?» ይበሉ፤ ይጠብቁ። ልጁ በእንግሊዝኛ ቢመልስም አይቆጡ፤ «አዎ፣ ቲማቲም! ስንት ነው? እስቲ ቁጠርልኝ» ይበሉ። ልጁ ደግሞ በተራው ከቤቱ አንድ ዕቃ ያምጣና አያቱን ይጠይቅ። ውቅያኖስ ተሻግሮ አማርኛ የሚያስተምር መሣሪያ በሁሉም ኪስ ውስጥ አለ፤ አስተማሪዋም ደመወዝ አይጠይቁም።

ሦስት ሰከንድ

አሁን ከሦስቱ መጠበቆች ወደ አንዱ፣ ወደ ትዕግሥቱ፣ እንለፍ። ጥያቄ ጠይቀን ለመልስ ስንት ጊዜ እንሰጣለን?

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ መምህርት በ1970ዎቹ የክፍል ውስጥ ትምህርትን በቴፕ እየቀረጹ ለኩት። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወይ ራሳቸው ይመልሳሉ፣ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ። መምህራኑ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ እንዲጠብቁ ሲደረግ ብዙ ነገር ተለወጠ፦ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» ማለት ቀነሰ፣ ዝም የሚሉት መናገር ጀመሩ፣ ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ ያነሡ ጀመር። ልብ የሚነካው ግን ሌላው ግኝት ነው። መምህራኑ ጎበዝ ለሚሏቸው ረዘም አድርገው ይጠብቃሉ፤ ደካማ ለሚሏቸው ያችንም አንድ ሰከንድ ያሳጥራሉ። የበለጠ ጊዜ የሚያስፈልገው ልጅ ያነሰ ጊዜ ያገኛል። ከልጁ የጠበቅነው ትንሽ ሲሆን፣ ለልጁ የምንጠብቀውም ያጥራል።

ቤታችንም ያው ነው። «ይህ ምን ቀለም ነው?» እንላለን፤ ልጁ አፉን ከመክፈቱ በፊት «ቀይ! ቀይ በል!» እንላለን። ስንቸኩል የምናስተላልፈው መልእክት «መልሱን ከአንተ አልጠብቅም» የሚል ነው፤ ልጅ ደግሞ ይህን ለማንበብ ፊደል አያስፈልገውም።

ስለ ተስፋ ጉልበት ብዙ የተወራለት ጥናት በ1968 የታተመው የሮበርት ሮዘንታልና የሌኖር ጃኮብሰን ሥራ ነው። በአንድ የካሊፎርኒያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቹን ፈተኑና ለመምህራኑ፣ «እነዚህ ልጆች በዚህ ዓመት ፈጥነው ያድጋሉ» ብለው ከአምስት አንድ ያህሉን ስም ሰጡ። ስሞቹ የወጡት ግን በዕጣ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የነበሩት ዕጣ የወጣላቸው ልጆች ከሌሎቹ ልቀው ተገኙ። ኋላ የመጡ ጥናቶች የተስፋው ኃይል መጀመሪያ እንደተወራለት ያህል ግዙፍ እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሮዘንታል ተስፋው በምን በኩል ወደ ልጁ እንደሚደርስ ሲያስረዱ የዘረዘሯቸው አራት መንገዶች ግን ለማንኛውም ወላጅ ይጠቅማሉ፦ ፊትን ማብራት፣ ጠለቅ ያለ ነገር ማስተማር፣ የመመለሻ ዕድል መስጠት፣ የሠራውን አይቶ ምን እንደተስተካከለና ምን እንደቀረ መንገር። ተስፋ በልብ ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ልጅን አያሳድግም። በእነዚህ አራት በሮች መውጣት አለበት።

ሩቅ ተስፋ፣ ቅርብ ተስፋ

የኢትዮጵያ ወላጅ ተስፋ አያንሰውም። «ልጄ ዶክተር ትሆናለች»፣ «የኔ ኢንጂነር» ስንል እናድራለን። ጉልት ቸርችራ፣ እንጀራ ጋግራ፣ አረብ አገር ተሰዳ ልጇን ያስተማረች እናት ተስፋዋ ከማንም ይበልጣል። ችግሩ ተስፋችን ሩቅ መሆኑ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ዶክተር እንድትሆን እንጠብቃለን፤ ዛሬ ማታ ምን እንድታውቅ እንደምንጠብቅ ብንጠየቅ ግን መልስ የለንም።

በ2010 በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ሄደዋል፤ ዩኒፎርም ለብሰዋል፤ ወላጆቻቸው ተስፋ አድርገዋል። በሩቁ ተስፋና በዛሬው ፊደል መካከል ደረጃ አልነበረም።

የድሮው ትምህርት ቤት በዚህ በኩል ሊያስተምረን ይችላል። የኔታ ከብት ጥበቃ ላይ የነበረውን ትንሽ ልጅ ተቀብለው አንድ ቀን 150ውን መዝሙረ ዳዊት እንደሚወጣው ይጠብቁ ነበር። ከዚህ ከፍ ያለ ተስፋ አለ? ዳዊቱን ግን በመጀመሪያው ቀን አልሰጡትም። ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይቆጥራል፣ ከዚያ አጭሩን የዮሐንስ መልእክት ይይዛል። ንባቡም ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ቀጥሎ በግእዝ ያዘግማል፣ በውርድ ንባብ ይሻሻላል፣ በቁም ንባብ ይቆማል። አንዱን ሳይወጣ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ከእሱ ቀደም ያለው ተማሪ ደግሞ ያስቀጽለዋል። ቁርአን ቤት ውስጥ ከእንጨት ሉህ ላይ አሊፍ ባ የቆጠረ የወሎ ልጅም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። አለንጋው ነበረ፤ እሱን አንመልሰው። ከፍ ያለ ተስፋን በትንንሽ ደረጃ የመከፋፈል ጥበቡን ግን ብንመልሰው ይበጀናል።

አመሰጋገናችንም አብሮ ይታሰብ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባወጡት ጥናት አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተው ተመሰገኑ፤ አንዳንዶቹ «ብልህ ነህ» ተብለው፣ ሌሎች «በርትተህ ሠርተሃል» ተብለው። ቀጥሎ ምርጫ ሲሰጣቸው «ብልህ» የተባሉት ቀላሉን ሥራ መረጡ፤ ከበድ ያለ ሲገጥማቸውም ፈጥነው ተስፋ ቆረጡ። «ጎበዝ!» ማለታችንን መተው አይቻለንም፤ ከአፋችን ይቀድማል። ቀጥለን ግን «እንዴት አወቅሽው?» ብንል፣ ልጅቷ ወደ ሠራችው ሥራ ትመለሳለች።

ፀሐይ

በቋንቋችን የሚያስተምር ነገር የለም ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አይገባም። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ አዲስ አበባ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። ክፍላቸው ውስጥ ያሉትን ልጆች ማስተማር ሲችሉ፣ ክፍል ያልደረሱትን ሚሊዮኖች ምን ያድርጓቸው? ከባለቤታቸው ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን በ2005 አቋቋሙና አንዲት የስድስት ዓመት ቀጭኔ ፈጠሩ፤ ስሟ ፀሐይ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅት በቴሌቪዥን በአማርኛ መተላለፍ ጀመረ፤ በኋላም ወደ ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ተዛመተ። በ2008 የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ዝግጅት ሽልማት አገኘ።

ትልቅ ስቱዲዮ ወይም ብዙ ገንዘብ አልነበረም። የነበረው የኢትዮጵያ ሕፃን በራሱ ቋንቋ፣ ለእሱ ታስቦ የተሠራ ጥሩ ነገር ይገባዋል የሚል እምነት ነው። ይህም መጠበቅ ነው፤ ከልጁ የሚጠበቀውን ያህል ለልጁ የሚሠራም መኖር አለበት። ፀሐይን ከልጁ ጋር ተቀምጠው የሚያዩ ወላጆች ደግሞ ከቴሌቪዥኑ የበለጠ ማስተማር ይችላሉ። ዝግጅቱ ሲያልቅ «ፀሐይ ዛሬ ምን አጋጠማት? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ፣ ማያው ያልሰጠውን መልስ የሚሰጥ ፊት ይጨምሩበታል።

ዘብ መቆም

የቀረው መጠበቅ የእረኛው ነው። ስልክ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ሞግዚት ሲሆን ግን አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ተቀምጦ ማያ ማየትን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰም ቁጥር የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ምክንያቱ ማያው መርዝ ስለሆነ አይደለም። ሕፃኑ ማያ ላይ ባፈጠጠበት ሰዓት የሚያጣው ሩጫ፣ እንቅልፍና ወሬ ስለሚበልጥበት ነው።

ዘብ መቆም ማለት መቆጣት ብቻ አይደለም። የሚያየውን እርስዎ ይምረጡ፤ አስቀድመው ያውርዱና ኢንተርኔቱን ይዝጉት። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዲጀምር የሚያደርገውን ማስተካከያ ያጥፉ፤ ማለቂያ የሌለው ቪዲዮ ልጅን ያለ እረኛ ሜዳ ላይ እንደ መልቀቅ ነው። ምግብ ሲበላና ሊተኛ ሲል ስልኩ ይራቅ። ልጅ ሲያለቅስ ማባበያው ስልክ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ፊደል ሳይሆን ማልቀስ ነው።

ሃያ ደቂቃ

ሠራተኛ ወላጅ ጊዜ እንደሌለው አውቃለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው በቀን ሃያ ደቂቃ ነው። አምስቱን ልጁ ስልኩ ላይ የዕለቱን ፊደል ይማር፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነው። አምስቱን ስልኩን ገልብጣችሁ አስቀምጡና ያንኑ ፊደል ቤት ውስጥና መንገድ ላይ ፈልጉ፦ የዱቄት ከረጢት ላይ፣ የሳሙና ካርቶን ላይ፣ ታክሲ ላይ በሚለጠፈው ጥቅስ ላይ። አምስቱን በጣት በአሸዋ፣ በከሰል በካርቶን፣ በጠመኔ በወለል ይጻፉት። በቀሩት አምስት ደቂቃዎች ተረት ይንገሩት፤ መሃል ላይ ያቁሙና «ከዚያስ ምን ሆነ ትላለህ?» ይበሉ። ጠይቀው ደግሞ በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። ከባዱ ሥራ እሱ ነው።

ማንበብ የማይችሉ ወላጆችም ከዚህ አይቀሩም። «እስቲ አስተምረኝ፤ ይህች ማን ናት?» ያለ አባት ለልጁ ከሚሰጠው ክብር በላይ ተስፋ የለም። ያወቀውን ለሌላ የሚያስረዳ ልጅ ደግሞ ያወቀው ይጸናለታል።

ወደ ሚጡ ልመለስ። ከዚያ ቡና በኋላ አያቷ ነገሩን በእጃቸው ያዙት። የስልኩን ዘፈን አልከለከሏትም፤ ሲያልቅ ግን ስንደዶ ይዘው ከገበታው አንዲቱን ፊደል ይነካሉ፤ ከመካከል፣ ከጥግ፣ ከላይ፣ ከታች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሦስታችን ወደ ሱቅ ስንሄድ በአንድ አትክልት ቤት በር አለፍን። ካርቶን ላይ በማርከር የተጻፈ ነገር ተንጠልጥሏል። ሚጡ ቆመች።

አያቷም ቆሙ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ልጅቷ ካርቶኑን ታያለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሰው እየገፋን ያልፋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...

«ሙ» አለች። በዚህ ጊዜ ከሀ አልተነሣችም። ቀጥላ ሁለተኛዋን ፊደል ብዙ አየቻት። «ሙ... ዝ። ሙዝ! እማማ፣ ሙዝ ይላል!»

አያቷ ጎንበስ ብለው ጉንጯን ሳሙ። ከዚያ ቀና አሉና ከካርቶኑ ጎን የተንጠለጠለውን ሌላውን ካርቶን በከዘራቸው ጫፍ ነኩ።

«ሌላስ?»